የአባት ሥራ በልጅ ስም፦ ለደብረ ታቦር ጥበበኞች የቅጅ መብት ትምህርት

ደብረ ታቦር ላይ ማኅሌት የቆመ ሰው የተክሌን አቋቋም ያውቀዋል። መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲዘም፣ ሊቃውንቱ እንደ አንድ ሰው ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ የጣና ሞገድ ዳር ደርሶ የሚመለስ ይመስላል። ቀርከሃ በነፋስ ሲወዛወዝም ይመስላል። ሥርዐቱን ያወጡት ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ብዙዎቻችን በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው እኒያው ሊቅ። ሐሳቡን ያገኙት ከሞገዱና ከቀርከሃው ነው ይባላል። የጎንደር አድባራት ግን አዲሱን ነገር አልወደዱትም። አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደብረ ታቦር አምጥቶ ተከለው፤ ከዚህም ተነሥቶ ወደ ሌላው አገር ተዛመተ። ስሙ በአባትየው ሳይሆን በልጁ ቀረ።

ይህን የማነሣው ማኅሌት ላስተምር ብዬ አይደለም፤ ለዚያስ ባለቤቶቹ አሉ። ሥዕል የሚሥሉ፣ ማሲንቆ የሚመቱ፣ ግጥም የሚጽፉ፣ ሠርግ የሚቀርፁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፦ «ይህ ሥራ የማን ነው?» የተክሌ አቋቋም ጥያቄውን ከነሙሉ አካሉ ይዞታል። ያወጣው አንድ፣ ያስፋፋው ሌላ፣ የሚከውነው ብዙ ሰው፣ ስሙ የተጻፈው ደግሞ በአንዱ ላይ ብቻ። ስለዚህ እሱን እንደ ምሳሌ ይዘን ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቀው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን የሚመለከት ክፍል ነበረ። ዛሬ የምንዳኝበት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲሆን፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 51 የቅጅ መብትን መጠበቅ ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ፍርድ ቤት ስንደርስ ትፈለጋለች።

እንደ መጻሕፍት መምህር ንባቡን አስቀድመን እንናገር፦ ሕጉ የሚጠብቀው ሥራን ነው፤ ሐሳብን አይጠብቅም። አሁን ወደ ትርጓሜው። «እንደ ሞገድ የሚወዛወዝ አቋቋም ቢኖር» ብሎ ማሰብ ሐሳብ ነው፤ ይህን ማንም ሊያስበው፣ ማንም ሊወስደው ይችላል። ስልት፣ አሠራር፣ ዘይቤ፣ ሥርዐት ሁሉ በዚሁ ወገን ነው። ሐሳቡ ቅርጽ ይዞ፣ ይህ እርምጃ ከዚያ እርምጃ ቀጥሎ፣ ይህ ዝማሜ በዚህ ቦታ ተብሎ ተደራጅቶ ሲወጣ ግን ሥራ ሆነ። አዋጁ ከሥራዎች መካከል መጽሐፍን፣ ንግግርንና ስብከትን፣ ድራማን፣ ሙዚቃን፣ ሥዕልንና ቅርጻ ቅርጽን፣ ፎቶግራፍን፣ የውዝዋዜ ድርሰትንም ቆጥሯል። ስለዚህ «እገሌ እንደኔ ዓይነት ትልልቅ ዓይን ያላቸው ቅዱሳን ይሥላል» ብሎ ክስ አይኖርም። ትልልቅ ዓይን የጎንደር ሠዓሊ ሁሉ ሀብት ነው። «እገሌ የሣልኩትን ሥዕል ገልብጦ ሸጠ» የሚል ክስ ግን አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተውም እዚሁ ላይ ነው።

ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛው፣ ወጥ መሆን አለበት። ወጥ ማለት ከራስህ የወጣ፣ ከሌላ ያልተቀዳ ማለት ነው፤ ድንቅ መሆን ግዴታው አይደለም። ዳኛ ሥዕሉ ያምራል አያምርም ብሎ አይፈርድም፤ ደግሞስ ማን አድርጎት! ሁለተኛው፣ ግዙፍነት ማግኘት አለበት፤ ማለትም መጻፍ፣ መቀረፅ፣ መሣል፣ በሆነ ነገር ላይ ማረፍ አለበት።

ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይህ ሁለተኛው ይከብደዋል። ቅኔ አንዴ ተዘርፎ የሚያልፍ ነው። ትናንት የተባለውን ዛሬ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነውና ባለቅኔው በየጊዜው አዲስ ይወልዳል፤ ያለፈውን የሚይዘው የጓደኛ ጆሮ ነው። አዝማሪም እንዲሁ ነው። ሠርግ ቤት ገብቶ ለሙሽራው፣ ለሚዜው፣ ለአማቱ እዚያው የሚያወጣው ግጥም ከአፉ እንደወጣ ይበተናል። ሕጉ የተበተነ ቃልን አስሮ ለመያዝ አቅም የለውም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፦ በኪስህ ያለው ስልክ። የድምፅ መቅጃውን ከፍተህ አንዴ ከቀዳህ ግጥምህ ግዙፍነት አገኘ። ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይመዘግብልሃል። ለቀልጣፋ አዝማሪ ከዚህ የረከሰ የሕግ አገልግሎት አላውቅለትም።

«ታዲያ ካላስመዘገብኩትስ?» የሚል አይጠፋም። አዋጁ ጥበቃውን የሚሰጠው ያለ ምንም ፎርማሊቲ፣ ሥራው በተፈጠረበት ቅጽበት ነው። ልጅ የእናቱ የሚሆነው ሲወለድ ነው እንጂ ክርስትና ሲነሣ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራ ይመዘግባል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጣል፤ ወረቀቱ በክርክር ጊዜ ይጠቅማል፤ ያላስመዘገበ ሰው ግን መብት የለውም ማለት አይደለም። በተጨማሪም አዋጁ በሥራው ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው፣ ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ፣ አመንጪው እሱ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ሥዕሉ ጥግ ላይ፣ ግጥሙ ግርጌ ላይ፣ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ስማችሁን ጻፉ። በአገራችን ሠዓሊ ስሙን መጻፍ እንደ ትዕቢት ይቆጠርበት የነበረ ዘመን አለ፤ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ማን እንደሣለው የማናውቀውም ስለዚህ ነው። ትሕትናው ያስመሰግናል። ለክርክር ግን አይመችም።

አሁን ወደ ጋይንት እንሻገር። ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። በእነዚህና በመሰል ደብሮች የቆዩ የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው፣ መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም ስሙን የሚፍቅ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ያገኛል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውግዘቱ በሚሰርቅና በሚፍቅ ላይ ነው፤ በሚገለብጥ ላይ ውግዘት የለም። እንዲያውም ድጓ መገልበጥ ጽድቅ ነበረ፤ ተማሪው የራሱን ድጓ ጽፎ ይዞ ነው የሚያስመሰክረው። አባቶች የጠበቁት ዕቃውንና ስሙን ነው። የዛሬው ሕግ በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ጨመረ፤ መገልበጡንም ለአመንጪው ሰጠ።

ዕቃውና መብቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልተረዳ ጥበበኛ ይከስራል፤ ያልተረዳ ገዢ ደግሞ ይከሰሳል። አንድ ሆቴል ከናንተ የጉና ተራራን ሥዕል ገዛ እንበል። ሸራው የሆቴሉ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይሰቅለዋል፣ እንግዳ ያየዋል፣ ሲፈልግ ይሸጠዋል። ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ የአዲስ ዓመት ካላንደር ላይ ማተም፣ ቲሸርት ላይ ማድረግ፣ ወረታ መገንጠያ ላይ ማስታወቂያ አድርጎ መስቀል ግን ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። የገዛው ሸራውን ነው፤ የማባዛቱ መብት እናንተ ጋ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በትእዛዝ ወይም በቅጥር ለተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል አዋጁ። ማለትም ዝግጁ የሆነውን ሥዕል ብትሸጡለት መብቱ የናንተ፤ «እንዲህ ያለ ሥዕል ሥራልኝ» ብሎ በውል አዝዟችሁ ብትሠሩለት፣ ዝም ካላችሁ የእሱ። ሎጎ የምትሠሩ፣ ለመሥሪያ ቤት መዝሙር የምትደርሱ፣ የደብር ግድግዳ የምትሥሉ ይህችን «ዝም ካላችሁ» የምትል ነገር በደንብ ያዙ። ከከተማችን በላይ ጋፋት ላይ የቀለጠው ሴባስቶፖል መድፍ የቴዎድሮስ ይባላል እንጂ የቀጥቃጮቹ አይባልም። መድፍ የቅጅ መብት ጉዳይ አይደለም፤ የአዛዥና የሠሪን ነገር ግን ደህና አድርጎ ያሳያል።

መብት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጥ። ሁለት ክንፍ አለው። የኢኮኖሚ መብት የሚባለው ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጥ፣ ማሠራጨት፣ ለሕዝብ ማሳየት፣ መከወን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተላለፍ ነው። ይህ ገንዘብ የሚያመጣው ክንፍ ነው፤ ሊሸጥ፣ ሊከራይ፣ ሊወረስ ይችላል። የሞራል መብት ደግሞ «ሥራው የእኔ ነው» ማለት፣ ወይም ከፈለጋችሁ ስምን ሰውሮ በብዕር ስም ማውጣት፣ እንዲሁም ክብርን በሚነካ መንገድ ሲበላሽ መቃወም ነው። ግጥማችሁን ሸጣችሁ ብትበሉትም፣ ገዢው ስማችሁን ፍቆ የራሱን እንዲጽፍበት መብት አይሰጠውም። ከላይ የተናገርነው የብራናው ውግዘት እዚህ ላይ ከአዋጁ ጋር ይገናኛል።

ዘፈን ላይ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ለትምህርት እንዲመች አንድ ዘፈን እናስብ። ግጥሙን ነፋስ መውጫ ያለ መምህር ጻፈው። ዜማውን የስማዳ ማሲንቆ መቺ አወጣው። የእስቴ ልጅ ዘፈነችው። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ ኪቦርድና ቤዝ ጨመረበት። አንድ አሳታሚ የስቱዲዮውን ከፍሎ አወጣው። ሰው «የእሷ ዘፈን» ይለዋል። በሕግ ዓይን ግን አንድ ዘፈን ሳይሆን የተነባበሩ መብቶች ናቸው። ግጥሙ የመምህሩ፣ ዜማው የማሲንቆ መቺው ነው፤ ሁለቱም የሥራ አመንጪ ናቸው። ቅንብሩ በነባር ሥራ ላይ የተሠራ ሥራ ስለሆነ፣ የቀደሙትን አስፈቅዶ እስከሠራው ድረስ፣ አቀናባሪውም በድርሻው ይጠበቃል። ዘፋኟ ሕጉ ከዋኝ የሚላት ናት፤ አሳታሚው ደግሞ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰር። የእነዚህ የሁለቱ ተዛማጅ መብት ይባላል፤ ርዝመቱም 50 ዓመት ነው። የብሮድካስት ድርጅቶች 20 ዓመት አላቸው።

ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። ሌላ ወጣት ያንኑ ዘፈን በራሱ ድምፅ ዘፍኖ ዩቲዩብ ላይ ሊጭን ቢፈልግ፣ ዘፋኟን ብቻ ማስፈቀድ አይበቃውም፤ ቀረፃዋን ካልነካ እንዲያውም ፈቃድ የሚያስፈልገው ከእሷ አይደለም። መጠየቅ ያለበት የግጥሙንና የዜማውን ባለቤቶች ነው። የእሷን ቀረፃ ቆርጦ ፊልም ጀርባ ላይ ሊያስገባ ከሆነ ግን ሁሉንም ማስፈቀድ አለበት። «ግን ለማስታወቂያ ይሆናታል እኮ» የሚል መከራከሪያ በአዋጁ ውስጥ የለም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

የማንም ያልሆነ ሀብትም አለ። የቡሄ ጭፈራ፣ የእረኛ እንጉርጉሮ፣ የመከር ሆታ ደራሲው ሕዝብ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት እንደ ፊደል ነው፣ በፊደል ላይ ባለቤት የለም። አንድ ድምፃዊ የሕዝብ ዜማ አንሥቶ አዲስ ግጥም ቢያለብሰው ግጥሙ የእሱ ይሆናል፤ ዜማው ግን ለሚቀጥለውም ሰው ክፍት ነው። አልፎ አልፎ እናቶቻችን ሲያንጎራጉሩት የነበረ ዜማ ላይ «መብቱ የእኔ ነው» ብሎ የሌላውን ቪዲዮ የሚያስወርድ ሰው ይገጥማል። ለዚህ ሰው መልሱ የአረጋውያን ምስክርነትና የቆየ ቅጂ ነው።

የግል ሀብትም ቢሆን ዘመን አለው። የአመንጪው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ ወራሾቹ ይጠቀሙበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንግዲህ እስከ 2046 ባለቤት አለው። ልብ ወለዱን ቆርጦ ድራማ ማድረግ የሚፈልግ የቲያትር ክበብ ወራሾችን ይጠይቅ። ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ስለ መጽሐፉ መጻፍ፣ ለማስተማር በመጠኑ መጠቀም፣ ለራስ አንድ ቅጂ መያዝ ግን ምንጩ እስከተጠቀሰና ልኩ እስካላለፈ ድረስ የተፈቀደ ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ነገር ደግሞ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል።

ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ከናንተ ጋር ለብቻ እንነጋገር፤ የናንተ ዕጣ ከሌላው ያነሰ ነውና። የፎቶ ጥበቃ 25 ዓመት ብቻ ነው። ያውም አዋጁ ፎቶውን የሚጠብቀው በስብስብ መልክ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ስቱዲዮ ያላችሁ ከፎቶው ጀርባ የምትመቷት ማኅተም እንግዲህ ጌጥ አይደለችም። ስልክ ላይ ለምትልኩትም ምስል ጥግ ላይ ስምና አድራሻ አስገቡ። ሌላም አለ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ ይከለክላል። ፎቶው የናንተ ቢሆንም የሙሽራዋ ፊት የሙሽራዋ ነው። ሱቃችሁ መስኮት ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ጠይቋት።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ውል ላይ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በሌባ መስሎት ሌባውን ሲጠብቅ ይኖራል። እኔ ግን ያየሁት ብዙው የሚጠፋው በገዛ ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አስቡ፤ አንድ ቀራጭ ከአንድ አዛውንት አዝማሪ ጋ ይመጣል።

«አያ፣ ሦስት ዘፈን ብቻ ቀርፀን ቻናላችን ላይ እንጫናቸው። ለእርስዎም ስም ነው።»

«ስሙስ ይሁን። ገንዘቡስ፣ ልጄ?»

«ገንዘቡ እይታው ሲመጣ ነው፣ አያ።»

«እይታው የሚመጣው ወደ ማን ቤት ነው?»

ልጁ ይስቃል፤ ከዚያ አንዲት ገጽ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቷ «የሥራዎቼን ሙሉ መብት ለዘለዓለም በማንኛውም መንገድ አስተላልፌአለሁ» ትላለች። አዛውንቱ ማንበብ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይጫናሉ። ሁለት ሺህ ብር ይቀበላሉ፤ ይመራረቃሉ።

ይህች ወረቀት በሕግ ፊት ምን ትሆናለች? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በፊርማው ወይም በጣት አሻራው የሚገደደው፣ በሥራው ላይ ባለ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ጓሮ ውስጥ የተነካች ቀለም አዛውንቱን አታስርም። ደግሞ በቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። የቅጅ መብትን ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን አዋጁ ያዛል። ቤተልሔም ሄዶ ያላስመሰከረ የድጓ መምህር እንደማይባል፣ ምስክር የሌላት ወረቀትም ውል አትባልም። ሕጉ ለአዛውንቱ በር ከፍቶላቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን በሩ መኖሩን ሳያውቁ «ፈርሜአለሁ» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

ውል ስትዋዋሉ «ሙሉ መብት» የሚል ቃል ስታዩ ብዕራችሁን አስቀምጡ። የትኛው መብት? ማባዛቱ ነው፣ ማስተላለፉ ነው፣ ወደ ፊልም መለወጡ ነው? በየት? በዩቲዩብ ብቻ ነው ወይስ በቴሌቪዥንም፣ በስልክ ጥሪም? ለስንት ዓመት? ጊዜውን በቁጥር አስጽፉ። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከሚገኘው ገቢ በመቶኛ? በመቶኛ ከሆነ ሒሳቡን ማን፣ መቼ ያሳያል? ስሜ የት ይጻፋል? ከዚያ ወዲያ ያለው ዝርዝር ነው፤ እነዚህ ከተመለሱ ግን አብዛኛው ተመልሷል። መሸጥና ማከራየትንም ለዩ፦ ፈቃድ መስጠት እንደ እርሻ ማከራየት ነው፣ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ይመለሳል፤ ማስተላለፍ ግን በውሉ ልክ ከእጅ መውጣት ነው። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጥበበኛው ግን የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ ይረሳዋል።

ደግሞ የውሉን አንድ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ክርክር ይዘው ከሚመጡት ውስጥ ስንቱ «ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው» እንደሚለኝ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ።

መብታችሁ ተነክቷል እንበል። ከቁጣ በፊት ማስረጃ። የተጫነበትን ገጽ በምስል ያዙ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የተሸጠውን ቅጂ ግዙና ደረሰኙን አስቀምጡ። የራሳችሁን ረቂቅ፣ የመጀመሪያውን የድምፅ ቅጂ፣ በቴሌግራም የተላላካችሁትን መልእክት አትሰርዙ፤ ከናንተ ቀድሞ የተፈጠረ ቅጂ የለም ለማለት ከዚህ የተሻለ የለም። ቀጥሎ በደብዳቤ ጠይቁ። ብዙው ጉዳይ እዚህ ላይ በሽማግሌም በስምምነትም ያልቃል፤ በእኛ አገር ይህ መናቅ የለበትም። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ የቅጅ መብት ቅሬታ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ክፍያ ማቅረብ ይቻላል።

ካልሆነ ፍርድ ቤት። «አዲስ አበባ ድረስ በየት አባቴ ልሂድ?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው አስቀርቷል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ትፈለጋለች፦ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛውን ደግሞ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ሰጥቷል። እንግዲህ እንደ ጉዳዩ ዓይነትና መጠን ደጃፋችሁ ደብረ ታቦር ላይ ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ቢርቅ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤት ከፍርዱ በፊት እግድ ሊሰጥ፣ የተባዛውን ዕቃ ሊያስይዝ ይችላል። እግድ ምን አቅም እንዳለው ማየት የሚፈልግ በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ የሆነውን ያስታውስ፤ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ሕዝብ ተሰብስቦ ሊመረቅ ሲል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደርሶ ቆመ። ክርክሩ በኋላ እልባት አግኝቶ ፊልሙ ታይቷል፤ የዚያን ዕለት ግን አዳራሹን ያስቆመው አንድ ወረቀት ነው። ካሳን በተመለከተ አዋጁ ለደረሰው ኪሳራና ተጥሶ ለተገኘው ጥቅም ካሳ ሲፈቅድ፣ የሞራል ጉዳት ካሳው እንደ ጉዳቱ ክብደት ሆኖ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። በወንጀልም ያስጠይቃል፤ አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት አስቀምጧል። ቅጣቱ ከብዷል የሚሉ አሉ፤ እኔም አንዳንዴ እላለሁ። ፍላሽ የሚሞላ ልጅ አሥር ዓመት ሲፈራ ከማየት፣ የጥበበኛውን ስም ፍቆ ሥራውን የወሰደ ነጋዴ ካሳ ሲከፍል ማየት ይሻለኛል።

ለጠበቃ ገንዘብ የሌለው ምን ያድርግ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ደኻ የዳኝነት ሳይከፍል የሚከስበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ከቀበሌያችሁ የድኽነት ማስረጃ ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። ጠበቆች በነፃ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉና የከተማችንንም ዩኒቨርሲቲ በር አንኳኩ፤ ተማሪዎቹም በዚህ ይማራሉ። የ2007ቱ ማሻሻያ ደግሞ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሆቴሉም፣ ጣቢያውም፣ መጠጥ ቤቱም ለሚያሰማው ሙዚቃ ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። አንድ ማሲንቆ መቺ ለብቻው በየሆቴሉ እየዞረ ሒሳብ ሊጠይቅ አይችልም። ማኅበር ግን ይችላል። አባል ካልሆናችሁ ግን የናንተን ድርሻ ማንም አያመጣላችሁም።

ባለፈው አንድ ቀራጭ የጠየቀኝን ልንገራችሁና እንለያይ። «ነሐሴ 13 ለደብረ ታቦር በዓል ማኅሌቱን ቀርጬ ሲዲ አድርጌ ልሸጥ ነው፤ የያሬድን ዜማ ማን ይከለክለኛል?» አለኝ። ዜማው የማንም አይደለም፤ እውነቱን ነው። የተክሌ አቋቋምም ለሁሉ ክፍት ነው። ቀረፃው ደግሞ የራሱ ሥራ ነው፤ ካሜራውን እንዲህ አድርጎ የያዘው እሱ ነውና። መሐል ላይ የቀሩት የቆሙት ሊቃውንት ናቸው። ድምፃቸው፣ መቋሚያቸው፣ የዚያን ሌሊት ክዋኔያቸው የእነሱ ነው፤ እነሱን ሳያስፈቅዱ ቀርፆ መሸጥ አይቻልም። «ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። የደብሩን አለቃና ሊቃውንቱን፣ በጽሑፍ፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት። በበዓሉ ሌሊት ማንም ጊዜ የለውም።